ከዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ባሕር ዳር ሊመጣ ያለ የመሐል ተከላካይ፦ ከመፈረሙ በፊት ምን ይታይ?

የጣና_ዳር_ቡድን

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

የተከላካይ መስመራችንን በዚህ የዝውውር መስኮት ማጠናከር አለብን። ዓይናችን ያረፈው አንድ የ21 ዓመት የመሐል ተከላካይ ላይ ነው፤ ሌላ ክልል ባለ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሁለት ዓመት ቋሚ ሆኖ ተጫውቷል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ86፣ ቀኝ እግር ነው፤ በቴስታ ይበልጣል፣ ሸርተቴውም ደህና ነው ይሉታል። የነበረበት ቡድን ግን ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሳጥኑ ፊት የሚከላከል፣ ኳስ ሲያገኝ በረጅሙ የሚመታ ነው። እኛ ደግሞ መስመራችንን እስከ መሐል ሜዳ ገፍተን፣ ከበረኛ ጀምረን በቅብብል ነው የምንወጣው።

በእጃችን ያለው በስልክ የተቀረጸ የአራት ጨዋታ ቪዲዮ እና ልጁ ራሱ የላከው የ6 ደቂቃ ቅንጭብ ነው። ነሐሴ ውስጥ ለሦስት ቀን ሙከራ ባሕር ዳር ይመጣል። ቪዲዮው ላይ ምን እንይ? በሦስቱ ቀን ምን እናሠራው? በሕክምናና በወረቀት በኩልስ ከፊርማ በፊት ማለቅ ያለበት ምንድን ነው? «ጠንካራ ልጅ ነው» ከሚል ምስክርነት ያለፈ፣ ተቆጥሮ የሚያዝ ነገር ነው የምንፈልገው።

ኮች_ሽምብጥ

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ጥያቄህ ውስጥ ራስህ ጽፈኸዋል። ልጁ እዚያ ሲሠራ የኖረውና እናንተ ልታሠሩት ያሰባችሁት ሥራ የተለያየ ነው። ስለዚህ «ጎበዝ ነው ወይ?» ብላችሁ አትነሱ። «እኛ የምናዘውን ሲያደርግ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጀምሩ። ያልታየው ምን እንደሆነ ለዩና ሦስቱን ቀን ለእሱ ስጡት። በቴስታ እንደሚበልጥ ካወቃችሁ ቀኑን ሙሉ ቴስታ ማስመታት ጊዜ መፍጀት ነው።

ባፈገፈገ ቡድን ውስጥ ኳሱ ሁልጊዜ ከተከላካዩ ፊት ነው። ከእሱ እስከ በረኛው 10 ወይም 15 ሜትር ቢኖር ነው፤ ከአናቱ ያለፈ ኳስ ቢኖር በረኛው ይወጣለታል። ሩጫው አጭር ነው፣ ቴስታውንም ወደ ፊት እየዘለለ ነው የሚመታው። መስመሩ መሐል ሜዳ አጠገብ ሲቆም ግን ከጀርባው 40 ሜትር ባዶ ሜዳ ይከፈታል። ዞሮ መሮጥ፣ ወደ ራሱ ጎል እየሮጠ ኳስ ማውጣት፣ መቼ ወደ ፊት እንደሚገፋና መቼ እንደሚያፈገፍግ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ቅጽበት መወሰን ይመጣል። በመጀመሪያው ሥራ የነገሠ ተከላካይ በሁለተኛው ሲቸገር ማየት የተለመደ ነው፤ ተቃራኒውም አለ።

ሸርተቴውን ብዙ አትቁጠሩለት። ተከላካይ መሬት የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ቦታውን ስላልያዘ ነው። ማየት ያለባችሁ ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ሁለት ሰከንዶች ነው። ተጋጣሚ ረጅም ኳስ ሊመታ ሲል ቪዲዮውን አቁሙና እግሩን ተመልከቱ። ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን እኩል ቆመው፣ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኳሱ ዞሮ ከሆነ ለመዞር ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ አጥቂው ደግሞ ቀድሞት ሄዷል። አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ በጎን ከቆመ ኳሱንም ሰውየውንም በአንድ ዓይን ይዟል ማለት ነው። ይህ በአራት ጨዋታ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ የሚገኝ ነገር ስለሆነ የምታዩት ቁሳቁስ አይጎድላችሁም።

ሁለተኛው ኳስ ያዡን ማንበቡ ነው። ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ጫና የሌለበትና ቀና ብሎ ወደ ፊት የሚያይ ከሆነ ኳሱ ሳይመታ በፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ማፈግፈግ አለበት። ጫና ካለበት፣ አንገቱን ከደፋ ወይም ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ መስመሩ ወደ ላይ የሚገፋበት ሰዓት ነው። ልጁ ይህን የሚያደርገው ከኳሱ መመታት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ፍጥነቱ ምንም ቢሆን በእናንተ አጨዋወት ዘግይቷል።

ከተጣማሪው ጋር ያለውን ርቀትም እዩ። ኳሱ መሐል ላይ ሲሆን በሁለቱ መካከል ከ10 ሜትር ብዙም የሰፋ ክፍተት ካለ በመሐላቸው የሚገባ ኳስ ይገድላቸዋል። አንዱ ለግጭት ሲወጣ ሌላው ከጀርባው ሰያፍ ሆኖ ይሸፍናል። ልጁ ቴስታ መትቶ ካስወጣ በኋላ ኳሱን ቆሞ እያየ ይቀራል ወይስ ሮጦ ወደ መስመሩ ይመለሳል? ብዙ ጎል የሚቆጠረው በዚህች ክፍተት ነው፤ መጀመሪያ የተመለሰው ኳስ ተመልሶ ሲመጣ።

ለሙከራው እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ከባድ ነገር አታሠሩት። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የተቀመጠን ሰው ሰዓት ይዞ ማስሮጥ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፣ ለጡንቻም አደጋ ነው። ቀለል ያለ ቅብብል፣ ትውውቅ፣ ከዚያ የሕክምናው ነገር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራት ልምምድ ይበቃል።

አንደኛ፣ ከጎል 40 ሜትር ላይ መስመር አስምሩና እዚያ አቁሙት፤ አጥቂ ከጎኑ 1 ሜትር ላይ ይቁም፤ አቀባዩ ከእነሱ 20 ሜትር ፊት ለፊት ይሁን። 12 ኳስ ስጡ፤ 4 በቀኝ ትከሻው፣ 4 በግራ ትከሻው ላይ የሚያልፍ፣ 4 ደግሞ በአጥቂው እግር ላይ የሚደርስ። ቅደም ተከተሉን አታሳውቁት። ብዙ ቡድን ይህን ልምምድ የሚያበላሸው ሁሉንም ኳስ ከአናቱ በላይ በመላክ ነው፤ ተከላካዩ ከሦስተኛው ኳስ በኋላ አስቀድሞ ማፈግፈግ ይጀምርና ፈተናው ፈተና መሆኑ ይቀራል። የምትጽፉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት እንደሄደ፣ ኳሱን ማን ቀድሞ እንደነካ።

ሁለተኛ፣ 20 በ12 ሜትር በሆነ ሜዳ አንድ ለአንድ፣ 8 ጊዜ። ኳስ ማስጣሉን ሳይሆን አጥቂውን ወደ ፈለገው ጎን መግፋት መቻሉን እዩ። 2 ሜትር ያህል ሲቀረው ፍጥነቱን ቀንሶ በጎን የሚቆም ጥሩ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ደርሶ የሚዘል ከሆነ ባሕር ዳር ላይ በየጨዋታው ቢጫ ካርድ ያያል።

ሦስተኛ፣ ከበረኛ መነሻ። ከ2019 የሕግ ማሻሻያ ወዲህ በጎል ምት ላይ ጓደኛ ተጫዋች ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ኳስ መቀበል ይችላል፤ እናንተም በዚያ ነው የምትወጡት። በረኛ፣ ሁለት የመሐል ተከላካዮችና አንድ ተከላካይ አማካይ በሦስት ጫና አድራጊዎች ላይ፣ 10 ጊዜ። ኳሱ ሳይደርሰው ትከሻውን ዞር አድርጎ አየ? የመጀመሪያ ንክኪው ከጫናው አራቀው ወይስ ወደ ጫናው ወሰደው? ቅብብሉ ለጓደኛው የራቀው እግር ላይ ደረሰ? በረጅሙ መምታት ብቻ የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይፈራል። መፍራቱ አያስጥለውም፤ ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ተነግሮት ይቀየራል ወይስ አይቀየርም የሚለው ግን ወሳኝ ነው።

አራተኛ፣ ከቀኝ 10 ከግራ 10 ተሻጋሪ ኳስ። ይህ ጥንካሬው ስለሆነ ቶሎ እለፉት።

በሦስተኛው ቀን በራሳችሁ አሰላለፍ፣ ከቋሚ ተጣማሪያችሁ ጋር፣ 35 ደቂቃ ሁለት ጊዜ አጫውቱት። ድምፁን ስሙ። «ውጣ»፣ «ያዝ»፣ «ሰው አለ» የሚል አጭር ቃል ቀድሞ የሚያወጣ ተከላካይ መስመር ይመራል። የእጅ ምልክትም ይኑረው፤ በባሕር ዳር ስታዲየም ሕዝብ ሲሞላ፣ ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን ኅዳር 2012 ዓ.ም. 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ዓይነት ጩኸት ውስጥ፣ አሥር ሜትር ላይ ያለ ጓደኛህ ድምፅህን አይሰማም።

ካሜራ_ከትሪቡን

ኮች የተናገሩት ላይ የቪዲዮውን ሥራ ልጨምር።

የ6 ደቂቃውን ቅንጭብ ወደ ጎን አድርጉት። ያሸነፈበትን ሁሉ ሰብስቦ ያሳያል፣ ያቃተውን ሁሉ ይደብቃል፤ ለግምገማ አይሆንም። ከአራቱ ጨዋታዎች ውስጥ የተሸነፉበት አለ? ከሜዳቸው ውጪ የተጫወቱት አለ? ከሌለ ያን ጠይቁ። ቡድኑ 3 ለ 0 እየመራ የተጫወተው 90 ደቂቃ ስለ ተከላካዩ የሚነግራችሁ በጣም ትንሽ ነው።

የስልክ ቪዲዮ ትልቁ ጉድለት ኳስን መከተሉ ነው። ተከላካዩ ከኳስ ውጪ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ከምስሉ ይወጣል፤ ኮች እንዲታይ የፈለጉት «ሁለት ሰከንድ» ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ጨዋታ ሁለት ስልክ አቁሙ። አንዱ ከትሪቡኑ ከፍ ካለ ቦታ፣ በመሐል መስመር አቅጣጫ፣ ሜዳውን በሰፊው ይያዝ። ሁለተኛው ልጁን ብቻ ይከተል፣ ኳሱ የትም ይሁን የት። ስልኩን አግድም ያዙ፣ በእግር ማቆሚያ ላይ ይሁን፣ ባትሪውንም ሞልታችሁ ግቡ፤ 70 ደቂቃ ቀረጻ ቦታ ስለሚበላ ቢያንስ 10 ጊጋ ባይት ባዶ ይኑረው።

ለአራቱ ጨዋታ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ደቂቃው፣ የሜዳው ክፍል፣ ኳስ ያዡ ጫና ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ ልጁ ገፋ ወይስ አፈገፈገ ወይስ ቆመ፣ ውጤቱ ምን ሆነ፣ ይጻፍ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይሙላው፤ ከዚያ አወዳድሩ። በሁለታችሁ መካከል ብዙ ልዩነት ያለበት ዓምድ ካለ መስፈርቱ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው፤ አስተካክላችሁ ድገሙት።

ቁጥር ስትቆጥሩ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ኳስ የማይይዝ ቡድን ውስጥ ያለ ተከላካይ ብዙ የመከላከል ሥራ ስለሚደርሰው ቁጥሩ ያብጣል። ተጋጣሚው 65 በመቶ ኳስ ይዞ ልጁ 12 ኳስ ቢያስወጣ፣ 12ን በ50 አባዝታችሁ ለ65 ስታካፍሉ 9 ገደማ ይመጣል። ከእናንተ ተከላካይ ጋር የምታወዳድሩት ይህን 9 ነው። የኳስ ይዞታውን ለማወቅ የተራቀቀ ነገር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቡድን ኳስ የያዘበትን ጊዜ በሰዓት መቁጠሪያ ለይቶ መለካት ይበቃል።

ሁለተኛው የናሙና ማነስ ነው። በጨዋታ 5 የአየር ላይ ግጭት ቢኖረው በአራት ጨዋታ 20 ነው። ከ20 ውስጥ 14 ቢያሸንፍ 70 በመቶ ይመስላል፤ ግን በዚህ ያህል ናሙና እውነተኛው ችሎታ ከ50 እስከ 90 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «70 በመቶ» ብላችሁ ለቦርድ አታቅርቡ። ይልቅ 14ቱን አንድ በአንድ እዩ፦ ከማን ጋር ነበር? አጥቂው በእውነት ዘሏል ወይስ ብቻውን ነው የመታው? ኳሱ ለጓደኛ ደረሰ ወይስ እንዲሁ ወጣ? የጠፉት 6ቱ ደግሞ ከ14ቱ በላይ ያስተምራሉ።

ፊዚዮ_ግሽ_አባይ

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የትኛው ክፍል ተጎዳ፣ የትኛው ጎን፣ ስንት ሳምንት ከልምምድ ወጣ፣ ተመሳሳይ ቦታ ተደገመ ወይ፣ መርፌ ተወግቶ ተጫውቷል ወይ። የጭኑ የኋላ ጡንቻ ቀድሞ የተጎዳ ሰው እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። በተለይ እናንተ ከጀርባው 40 ሜትር ልትከፍቱበት ስለሆነ ያ ጡንቻ የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት ሩጫ ነው። «ተጎድተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አይ» ይላችኋል። «መጨረሻ ላይ ሙሉ ሳምንት ልምምድ ያልሠራኸው መቼ ነው፣ ለምን?» ብትሉ ይናገራል። የቆየበትን ቡድን ሐኪምም፣ ልጁ ከፈቀደ፣ ደውላችሁ አነጋግሩ።

በቦታው የሚሠሩ ቀላል ፈተናዎች፦

በአንድ እግር ወደ ፊት መዝለል፣ በእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ፣ የተሻለውን ያዙ። ግራው 1 ሜትር ከ62፣ ቀኙ 1 ሜትር ከ80 ቢሆን 90 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ደካማው እግር ለምን እንደደከመ ሳይታወቅ አይፈረም። ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል ወይ የሚለውንም ከፊት ቅረጹት።

ለቁርጭምጭሚት፣ እግሩን ከግድግዳ አርቆ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱን ግድግዳ ማስነካት። ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። በሁለቱ እግር መካከል ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ በደንብ ያልዳነ ወለምታ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ለብሽሽት ደግሞ አጋድሙትና ጉልበቶቹ መካከል ኳስ አድርጎ ይጭመቅ፤ ሕመም ካለ ወዲያው ይታወቃል።

የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ከነበረው ቀኑን በወረቀት ጠይቁ። ከ9 ወር በታች ከሆነ ልምምድ ላይ ምንም ቢመስል አደጋው ከፍተኛ ነው። የመሐል ተከላካይ ስለሆነም የጭንቅላት ግጭት ጠይቁ፤ ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ፣ ስንት ጊዜ።

ጭኑን በተንበረከከ አኳኋን ወደ ፊት እየወረደ የሚፈተንበት ልምምድ ከሩጫ ፈተናው በፊት አይሠራ። ለለመደው ሰው እንጂ ላልለመደው እስከ ሁለት ቀን የሚቆይ ሕመም ያመጣል፤ የሁለተኛውን ቀን ሥራችሁን ያበላሻል። ከሦስተኛው ቀን ጨዋታ በኋላ አድርጉት።

ልብ አይታለፍ። ኢ.ሲ.ጂ. (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ለማንም ተጫዋች መነሻ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች በድንገት የሞተ ካለ፣ በሩጫ ላይ ራሱን ስቶ ወይም ደረቱን አሞት የሚያውቅ ከሆነ የልብ ሐኪም ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል ልካችሁ የልብ አልትራሳውንድ አሠሩ፤ ውጤቱ ሳይመጣ ሜዳ አይግባ።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ልጁ ከደጋ የሚመጣ ከሆነ ሰውነቱ ወባን አልለመደም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ የሊጉም መጀመሪያ ነው። ማደሪያው አጎበር ይኑረው። ትኩሳት ሲይዘው «ድካም ነው» ተብሎ ዕረፍት አይሰጠው፣ በዚያው ቀን ደም ይመርመር።

የጣና_ዳር_ቡድን

ኮች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። እኛ ልናሰልፈው ያሰብነው በግራ የመሐል ተከላካይነት ነው፤ የቀኙ ቋሚ አለ። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ላይ ጥርጣሬ አለን፤ በሰዓት ለክተን ምን ያህል ቢመጣ ነው «አይሆንም» የምንለው? ሦስተኛ፣ ልጁ ገና የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ውል አለው» ይላል፣ ልጁ «የፈረምኩት ነገር የለም፣ የኪስ ገንዘብ ብቻ ነው» ይላል።

ኮች_ሽምብጥ

በግራ ከሆነ ልምምዱን ሁሉ በግራ አሠሩት፤ ቀኝ ላይ አይታችሁ ግራ ላይ አትፈርሙ። ቀኝ እግር በግራ ሲቆም ችግሩ ከበረኛ ሲቀበል ነው። ኳሱን በቀኙ ለመያዝ ሰውነቱን ወደ ውስጥ ይዘጋል፣ የግራ መስመር ተከላካዩን አያየውም፣ አጥቂውም ያን አውቆ ከውስጥ በኩል ይመጣበታል። በሦስተኛው ልምምድ ላይ ከ10ሩ ስንቱን በግራ እግሩ ተቀብሎ በግራ መስመር እንዳወጣ ለብቻ ቁጠሩ። ከ10 ውስጥ 3 እንኳ ካልሞላ ወይ ቀኙን ተከላካይ ወደ ግራ ማዛወር አለባችሁ፣ ወይ ሌላ ልጅ ፈልጉ። በአንድ የዝግጅት ወቅት የግራ እግር ቅብብል ይሻሻላል፤ በጫና ውስጥ በደመ ነፍስ መጠቀም ግን ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በግራ ሲቆም ከግራ ትከሻው በላይ ያለፈችው ኳስም ትለያለች። ወደ ጎል ዞሮ እየሮጠ ወደ ውጪ ማውጣት ያለበት በደካማ እግሩ ነው። በ12ቱ ኳስ ውስጥ ያሉትን 4ቱን በደንብ እዩ።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ከኢንተርኔት የተገኘ ቁጥር ይዛችሁ አትፍረዱ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ 0.2 ሰከንድ ገደማ አሳንሶ ያነባል፤ በ30 ሜትር ሩጫ ላይ ያ ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በራሳችሁ ሁለት ፈጣን አጥቂዎች አጠገብ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት አስሩጡት። በስልካችሁ የዝግታ ቀረጻ በጎን ብትቀርጹ ደግሞ የተሻለ ትክክል ነው። 5፣ 10 እና 30 ሜትር ላይ ኮን አቁሙ። ሦስት ጊዜ ይሩጥ፣ በመካከሉ 3 ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ፦ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ቆሞ በምልክት ዞሮ 20 ሜትር ይሩጥ፣ በቀኝ 3 በግራ 3። ለእናንተ ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ነው። ቀጥታ ሩጫው መካከለኛ ሆኖ አዟዟሩ ፈጣን የሆነ ልጅ በመስመራችሁ ውስጥ ይኖራል። ቀጥታ ሩጫው ጥሩ ሆኖ በአንድ ጎን ሲዞር የሚሰነካከል ግን አጥቂዎች በሁለት ጨዋታ ያውቁታል፣ ሁልጊዜም በዚያ ጎን ነው የሚልኩበት።

አባይ_ማዶ_9

ከአጥቂ ወገን አንድ ሁለት ነገር።

ፍጥነት ጎደለው ብላችሁ ቶሎ አትጣሉት። መስመሩን ከመሐል ሜዳ 8 ሜትር ዝቅ ማድረግና ፈጣኑን ተጣማሪ ለሽፋን መተው ይቻላል። አጥቂን የሚያስቸግረው ከሩጫው በፊት የሚነካው ተከላካይ ነው፤ ክንዱን ወገብህ ላይ አድርጎ፣ ሳይይዝህ፣ የመጀመሪያውን እርምጃህን የሚሰርቅ። ያን ክህሎት ካለው በሰዓት የሚጎድለው 0.1 ሰከንድ አይታወቅም። ማሊያ የሚይዝ ከሆነ ግን ሳጥን ውስጥ ሪጎሬ ነው።

ሌላው ሜዳው ነው። በነሐሴ ሜዳ ጨቅይቶ ኳስ ትቆማለች፤ ከአናቱ ያለፈችው ኳስ ጭቃ ላይ ስትወድቅ ስለማትንከባለል ቀርፋፋ ተከላካይ ይደርስባታል። በጥርና የካቲት ደርቆ በሚነጥር ሜዳ ያቺው ኳስ ሸሽታ በረኛው ጋ ትደርሳለች ወይም አጥቂው ይወስዳታል። ከሰዓት ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳም ከፍ ያለች ኳስ መንገዷን ትቀይራለች፤ ልጁ ያን አያውቅም። ታኬታውንም እዩለት፤ አጭር ጥርስ ለብሶ በእርጥብ ሣር የተንሸራተተን ልጅ «ሚዛን የለውም» እንዳትሉት።

ውል_እና_መልቀቂያ

የወረቀቱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡድን የሚወድቀው።

መጀመሪያ ልጁ ባለሙያ ነው ወይስ አማተር የሚለውን ለዩ። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ መሠረት ባለሙያ የሚባለው የጽሑፍ ውል ያለውና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ነው። የጽሑፍ ውል ከሌለ አማተር ነው። «ውል አለው» ያለውን አካል ወረቀቱን ያሳይ በሉ፤ ፊርማ፣ የተጀመረበትና የሚያበቃበት ቀን ይታይ። ፌዴሬሽኑ ጋ በማን ስም እንደተመዘገበም አረጋግጡ። አማተር ቢሆንም መልቀቂያ ያስፈልጋል።

ውል ካለውና ሊያበቃ ከ6 ወር በላይ ከቀረው፣ ከልጁ ጋር ድርድር ከመጀመራችሁ በፊት ለያዘው ክለብ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሙከራ መጥራታችሁም በክለቡ የጽሑፍ ፈቃድ ይሁን፤ ሙከራ ላይ ቢጎዳ የማነው ጥያቄ እንዳይነሳ ኃላፊነቱን በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

ፊዚዮው የጠቀሰው ሁሉ ከፊርማ በፊት ማለቅ አለበት። ደንቡ ውልን በሕክምና ምርመራ ውጤት ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። «ምርመራውን ካለፈ ይጸናል» የሚል አንቀጽ ብትጽፉ አያድናችሁም፤ ከፈረማችሁ ፈርማችኋል።

የውሉ ርዝመት ቢያንስ እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ፣ ቢበዛ 5 ዓመት ነው። ለ21 ዓመት ልጅ፣ አጨዋወት ለሚቀይር፣ 2 ዓመት ተገቢ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ለመልመድ ያልፋል። በአንድ የውድድር ዓመት ለሦስት ክለብ መመዝገብ ቢቻልም መጫወት የሚቻለው ለሁለት ብቻ ስለሆነ በዚህ ዓመት የት የት እንደተሰለፈ ጠይቁ።

ስሙና የትውልድ ቀኑ በመታወቂያው፣ በልደት ካርዱና በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ ይሁን፤ የላቲን ፊደሉ አጻጻፍም ጭምር። የቀን አቆጣጠሩን ሲቀይሩ አብዛኛው ስህተት ታኅሣሥ ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ በፈረንጆቹ 2003፣ ታኅሣሥ 25 የተወለደ ግን 2004 ነው። በግምት 7 ወይም 8 ዓመት ደምሮ የተሞላ ቅጽ ተመላሽ ይሆናል።

ትምህርቱን ሳትፈቱ አትፈርሙ። መደበኛ ተማሪ ሆኖ በሌላ ከተማ በየቀኑ ሊለማመድ አይችልም። ወይ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት ማቋረጡንና የሚመለስበትን በጽሑፍ ይስጠው፣ ወይ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚቻል መሆኑን ከሁለቱም ሬጅስትራር ይጠይቅ። ሁለቱም ካልሆነ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለፈተና እንደሚሄድ አውቃችሁ ያን ጊዜ የሚተካው ሰው አሁኑኑ አዘጋጁ።

የጣና_ዳር_ቡድን

መልቀቂያውንና የምዝገባውን ነገር ነገ እጀምራለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሜዳችን በነሐሴ ጭቃ ከሆነ የኮች 12 ኳስ ፈተና አባይ_ማዶ እንዳለው ይዋሻል ማለት ነው?

ኮች_ሽምብጥ

ይዋሻል፣ ለልጁ እያደላ። ሁለት ነገር አድርጉ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓትና ማታ ስለሚጥል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ውኃ ከማይቆምበት የሜዳው ጫፍ አሠሩት፤ የአጥቂውም መነሻ ከልጁ ጎን እኩል መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ሜትር ወደ ጎሉ የቀደመ ይሁን። ከዚያ ያንኑ 12 ኳስ በዚያው ጠዋት ለቀኝ ቋሚ ተከላካያችሁ ስጡት። ሁለቱ በአንድ ጭቃ ላይ ያገኙትን ነው የምታወዳድሩት። የእናንተ ልጅ ከ8ቱ የአናት ኳሶች 6ቱን ቀድሞ ነክቶ አዲሱ 3 ከነካ፣ ሜዳው ሲደርቅ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብብም።